«እስከ» ሳይሆን «ሳይደርስ»፦ የቅሬያችን ደረሰኝና የሬንጅ ነገር

«ዜሮ ቁጥር አባል ማን ነው?» አሉኝ የቅሬያችን ዳኛ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ደረሰኙን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። ገለበጡት። መልሰው አዩት። «ልጄ፣ ዜሮ የሚባል ሰው እኛ ሰፈር የለም እኮ።»

ወሎን ለማታውቁ፣ ቅሬ ማለት እናንተ እድር የምትሉት ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛ ጋ የሚያመሸው። የኛ ሰፈር ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ ያኔ 86 አባል ነበረን። እኔ ደሴ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነው የምሠራው፣ ማታ ማታ ደግሞ ስልኬ ላይ ፓይድሮይድ 3 የሚባል አፕ ጭኜ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እለማመዳለሁ። «ኮምፒውተር የለኝም» ብላችሁ የተዋችሁት ካላችሁ፣ አፑ አንዴ ከተጫነ ለእንዲህ ዓይነቱ ልምምድ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋም ባትሪ እስካለ ድረስ ትጽፋላችሁ። ስለሱ ሌላ ጊዜ።

የሁለት ሳምንት ተማሪ ሆኜ ነው እንግዲህ «ጋሼ፣ የወር መዋጮ ደረሰኝ በእጅ መጻፍ ይቅር፣ እኔ በፕሮግራም አወጣልዎታለሁ» ብዬ የተኮፈስኩት። ፎር ሉፕ የሚባለውን (አንድን ትእዛዝ እየደጋገመ የሚያስኬድ ነው) ትምህርት በዚያው ሳምንት ነበር የጨረስኩት። የጨረስኩት መስሎኝ ነበር ብል ይሻላል። የጻፍኩት ይኼን ነው፦

ፎር ቁጥር ኢን ሬንጅ(86):
    ፕሪንት("የቅሬ ደረሰኝ ቁጥር", ቁጥር)

(ፎር፣ ኢን፣ ሬንጅ፣ ፕሪንት የሚሉትን እናንተ ስትጽፉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እዚህ ለንባብ እንዲመች በፊደላችን አድርጌያቸዋለሁ። ሬንጅ ቁጥሮችን በተራ የሚያቀብል ነው፣ ፕሪንት ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚያወጣ። «ቁጥር» የሚለውን ስም ግን እንዳለ በአማርኛ ብትጽፉት ይሠራል። ፓይተን 3 የተለዋዋጭ ስም በኛ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል፤ እኔ ይኼን ሳውቅ ግማሹ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።)

ያወጣውን ጽሑፍ ኮፒ አድርጌ በቴሌግራም ወደ ሱቁ ኮምፒውተር ላክሁ፣ አስተካክዬ አተምኩ፣ ቆራረጥኩ። ቆጠርኩት። 86 ነው። ያሞኘኝ ይኼ ቆጠራ ነው። ብዛቱ ልክ ስለሆነ ቁጥሮቹን ማየት አላስፈለገኝም፣ ለካ የመጀመሪያው 0፣ የመጨረሻው 85 ነበር።

ጋሼ ሳቁና መለሱልኝ። እኔም «ቀላል ነው» ብዬ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ቅንፉን ሬንጅ(1, 86) አደረግሁት። ከ1 እስከ 86። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር ምን አለ? አሁን ግን አልቆጠርኩም። ባለፈው ብዛቱ ልክ ነበራ፣ የተበላሸው ቁጥሩ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ አስተካክያለሁ።

እሁድ ስብሰባው ላይ ደረሰኙ በተራ ታደለ። ሁሉም ወሰደ። አንዲት ሴት ብቻ ቆማ ቀረች። ሰፈራችን ከገባች ሦስተኛ ወሯ ነው፣ ቁጥሯ 86። ትንሽ ጠበቀችና ቀስ ብላ «እኔን ሰርዛችሁኛል ማለት ነው?» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከቅሬ መሰረዝ ቀልድ አይደለም፤ ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይደርስላታል? ጋሼ ተነስተው «ኧረ አብሽሪ እህቴ፣ ማን ይሰርዝሻል፣ የዚህ ልጅ ማሽን ነው» አሉና በእጃቸው ጻፉላት። ከዚያ ወደኔ ዞረው አዩኝ። ምንም አላሉም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳየው ሬንጅ(1, 86) የሚሰጠው ከ1 ጀምሮ 85 ቁጥሮችን ብቻ ነው። አስተካከልኩ ብዬ አንድ ሰው ጣልኩ። የመጀመሪያው ስህተት ቢያንስ ማንንም አላስቀረም ነበር፤ 86 ወረቀት አውጥቷል፣ ቁጥሩ ነው አንድ የጎደለው። ሁለተኛው የባሰ ነበር።

ለምን ሁለት ጊዜ እንደተሸወድኩ ለማወቅ ቀናት ፈጅቶብኛል። ጥፋቱ ከፓይተን አልነበረም፣ ከሒሳብም አልነበረም። የአማርኛ ጉዳይ ነው። እየተከታተልኩት የነበረው ትምህርት ላይ «ሬንጅ 1፣ 10 ማለት ከ1 እስከ 10 ማለት ነው» ተብሎ ነበር፣ ቀጥሎም «የመጨረሻው ግን አይካተትም» የምትል ነገር ጣል ተደርጋለች። እኔ የመጀመሪያዋን ያዝኩ። እስቲ አስቡት፣ በኛ ቋንቋ «እስከ» ካልን መጨረሻው ውስጥ አለ። ሱቁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍት ነው ተብላችሁ ዓርብ ሄዳችሁ ዝግ ብታገኙት ትጣላላችሁ። መምህሩ ከገጽ 1 እስከ 10 አንብቡ ካለ ገጽ 10 ፈተና ላይ ይመጣል። ታዲያ ጭንቅላታችን ለዓመታት የለመደውን «እስከ» ይዘን ሬንጅን ስንጽፍ አንድ የምንጎድልበት ለዚህ ነው፣ ከዚያ «መጨረሻው አይካተትም» የሚለውን ሕግ ለብቻው እንሸመድዳለን፣ ሲቸኩለን ደግሞ እንረሳዋለን።

መፍትሔው የመጣልኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ለሱቁ ወረቀት ላመጣ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ አንዲት እናት ረዳቱን «ልጄ፣ ኮምቦልቻ ሳይደርስ ታወርደኛለህ» አሉት። «እሺ እማማ» አላቸው፣ አለቀ። ኮምቦልቻን የጠሩት ሊገቡባት አይደለም፤ መኪናው ከዚያ በፊት እንዲቆም ምልክት እንድትሆን ነው።

ሬንጅ(1, 86) ማለት «ከ1 ጀምሮ 86 ሳይደርስ» ማለት ነው። በቃ ይኸው ነው። «እስከ»ን ከአፋችሁ አውጡትና «ሳይደርስ» በሉት፣ ለብቻው የምትሸመድዱት ሕግ አይኖርም፣ ቃሉ ራሱ ይነግራችኋል። 86ኛዋ ሴት እንድትገባ ከፈለግሁ «87 ሳይደርስ» ማለት አለብኝ፦ ሬንጅ(1, 87)። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅንፍ ውስጥ የማየውን ሁሉ በሆዴ በአማርኛ አነበዋለሁ፣ ጮክ ብዬም አነበብኩ፣ ሱቅ ውስጥ ሰው ይስቅብኛል።

ቅንፉ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ካለስ? ሬንጅ(3)ን «ሦስት ጊዜ» ብላችሁ አንብቡት። ሲሠራ 0፣ 1፣ 2 ነው የሚሰጠው፣ ሦስት ጊዜ መሄዱ ልክ ነው፣ ዜሮዋ ነች የምታናድደው። ይቺን ያስታረቀችኝ ደግሞ ቡና ነው። እኛ ቤት ቡና ከተፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል አይነሳም። እናቴ አቦሉን ልትቀዳ ስትል «ስንት ጠጣችሁ?» ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ገና ምንም። ዜሮ። ቶናው ሲቀዳ አንድ ጠጥታችኋል፣ በረካው ሲቀዳ ሁለት። ቆጣሪው የሚነግራችሁ ስንተኛው ዙር ላይ እንዳላችሁ ሳይሆን ስንት ዙር እንዳለፈ ነው። እንዲህ ካያችሁት ዜሮ እንግዳ አይሆንም። እርግጥ ለቅሬ ደረሰኝ «ስንት አለፈ» አያስፈልገንም፣ የአባል ቁጥር ነው የምንፈልገው፣ ስለዚህ ከ1 መጀመር አለብን።

«ለምን እንዲህ አወሳሰቡት?» ብዬ ተበሳጭቼ ነበር። ያለ ምክንያት አይደለም። ኤድስገር ዳይክስትራ የሚባል ሆላንዳዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ በፈረንጅ 1982 ይኼንኑ ጉዳይ በአጭር ጽሑፍ ተከራክሮበታል፤ መነሻው ይግባ፣ መድረሻው ይውጣ ባይ ነው። አንደኛው ምክንያቱ ሁለቱን ቁጥሮች ስትቀንሱ ብዛቱን በቀጥታ ታገኛላችሁ። 87 ሲቀነስ 1፣ 86። ምንም ጭማሪ የለው። ያን እሁድ ጠዋት ይቺን ቅነሳ ብሠራ ኖሮ 86 ሲቀነስ 1፣ 85 ብላ ትነግረኝ ነበር።

ሌላው ጥቅሙ የገባኝ መዋጮ ሰብሳቢዎቹ ሁለት ሲሆኑ ነው። ጋሼ «ለሁለት ክፈለው» አሉኝ። ለአንዱ ሬንጅ(1, 44)፣ ለሌላው ሬንጅ(44, 87)። አንዱ ያቆመበት ቁጥር ሌላው የሚጀምርበት ነው። 44 ቁጥር አባል ሁለት ጊዜ አይጠየቅም፣ አይዘለልምም። ለያንዳንዳቸው 43 ሰው ደረሳቸው። በ«እስከ» ቢሆን አንዱ ጋ 43፣ ሌላው ጋ 44 ብዬ ስጽፍ አንድ ቦታ መሳሳቴ አይቀርም ነበር፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

አሁን ወደምወደው ልግባ። ቅንፉ ውስጥ ሦስተኛ ቁጥር ከጨመራችሁ «በስንት እየዘለልክ» ማለት ነው። መማሪያዎቹ ሁሌም ሙሉ ቁጥርና ጎዶሎ ቁጥር ነው የሚያስወጡት፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ እንቅልፍ ያመጣል። እኔ በፊደላችን ሞከርኩት። የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግብ ዩኒኮድ የሚባል ሥርዓት አለ፤ በፈረንጅ 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኛን ፊደል አስገብቶታል፣ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፣ የሀ ቁጥር 4608 ነው። ፓይተን ደግሞ ቁጥር ስትሰጡት ፊደሉን የሚመልስ ሲኤችአር የሚባል ነገር አለው። እንዲህ ጻፉ፦

ፎር ቁጥር ኢን ሬንጅ(4608, 4615):
    ፕሪንት(ሲኤችአር(ቁጥር))

ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ። ሰባቱም በተራ ወረዱ። እኔ ሲወጣ ሳየው ለብቻዬ ነው የሳቅሁት። 4615 ላይ ሇ አለች፣ በተለመደው አማርኛ የማንጠቀምባት ፊደል፣ «4615 ሳይደርስ» ስላልን አልወጣችም።

እያንዳንዱ የፊደል ረድፍ ስምንት ቦታ ነው የተሰጠው፤ ሰባቱ ለቤቶቹ፣ ስምንተኛው ብዙ ጊዜ እንደ ሏ ላሉት። ስለዚህ በ8 ብትዘሉ ወደ ታች ነው የምትወርዱት። ሬንጅ(4608, 4672, 8) ብላችሁ ሞክሩ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ይወጣል። 4672 ራሱ ቀ ነው። ቀ ሳይደርስ ቆመ። እሷንም ከፈለጋችሁ መጨረሻውን 4673 አድርጉት፣ ከዚያ በላይ እስከ 4680 ድረስ ብታደርጉትም ልዩነት የለውም፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ዝላይ የሚያርፈው 4680 ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ «ሳይደርስ» ነው። ይቺን ያዟት፤ መጨረሻው ቁጥር ዝላዩ በትክክል የሚያርፍበት መሆን የለበትም፣ አጥር ብቻ ነው።

በ9 ብትዘሉስ? አንድ ረድፍ ወርዳችሁ አንድ ቤት ወደ ጎን ትሄዳላችሁ። ሬንጅ(4608, 4671, 9)፦ ሀ፣ ሉ፣ ሒ፣ ማ፣ ሤ፣ ር፣ ሶ። ቄስ ትምህርት ቤት የገባችሁ ወዲያው ታውቁታላችሁ፣ ፊደሎቹ ሌላ ይሁኑ እንጂ አካሄዱ የአቡጊዳ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ። ያን ሌሊት እስከ ስድስት ሰዓት በ7 ስዘል፣ በ10 ስዘል አመሸሁ፣ ጠዋት ሥራ ዘግይቼ ገባሁ። ግን ሦስተኛውን ቁጥር ዳግም አልረሳሁትም።

አንድ ሌላ ልጨምር፣ ለጋሼ ያሳየኋቸው ነው። ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆንባቸውን ዓመታት፣ ማለትም ዘመነ ሉቃስን፣ በ4 እየዘለለ ያወጣል፦ ሬንጅ(2003, 2020, 4)። 2003፣ 2007፣ 2011፣ 2015፣ 2019። መጨረሻውን 2019 ብትሉት 2019 ይቀራል። ለምን እንደሚቀር እሳቸው ራሳቸው ነገሩኝ፣ «ሳይደርስ ነዋ!» ብለው።

የሚያስቸግሩ ነገሮችን ደግሞ በፍጥነት ልንገራችሁ።

ወደ ኋላ መቁጠር ሲፈልጉ ብዙ ሰዎች ሬንጅ(86, 1) ብለው ይጽፋሉ። ምንም አይወጣም። የሚከፋው ስህተትም አይልም፣ ዝም ነው። ሉፑ አንድም ጊዜ ሳይሄድ አለቀ። ዝላዩን በመቀነስ መስጠት አለባችሁ፦ ሬንጅ(86, 0, -1)። «ከ86 ጀምሮ 0 ሳይደርስ አንድ አንድ እየቀነስክ»። ያው ንባብ ነው። እዚህ 0 ፋንታ 1 ብትጽፉ 1 ቁጥር አባል ይቀራል። የኛ ቅሬ 1 ቁጥር ማን እንደሆኑ ገምቱ።

በግማሽ በግማሽ መሄድ አይቻልም። ሬንጅ(0, 5, 0.5) ካላችሁ ታይፕ ኤረር የሚል ስህተት ያወጣላችኋል፣ ሬንጅ የሚያውቀው ድፍን ቁጥር ብቻ ነው። ሬንጅ(0, 10) ብላችሁ በድፍን ቁጥር ሂዱና ሉፑ ውስጥ ቁጥሩን ለ2 አካፍሉ።

ሬንጅ(5)ን ብቻውን ፕሪንት ብታደርጉት ቁጥሮቹን አያወጣም፣ ሬንጅ(0, 5) ብሎ ራሱን ይጽፋል። አልተበላሸም። ቁጥሮቹን አንድ ላይ ደርድሮ አያስቀምጥም፣ ሲጠየቅ ነው አንድ አንድ እያለ የሚያቀብለው። ማየት ከፈለጋችሁ ሊስት(ሬንጅ(5)) በሉት።

ይቺኛዋ ግን ሁለት ማታ ፈጅታብኛለች። የወሩን መዋጮ ልደምር ብዬ፣ ሰው 50 ብር ነው የሚከፍለው፦

ድምር = 0
ፎር ቁጥር ኢን ሬንጅ(1, 87):
    ድምር = ድምር + 50
ፕሪንት(ድምር)

ትክክለኛው ይኼ ነው፣ 4300 ይሰጣል። እኔ ግን መጀመሪያ «ድምር = 0»ን ከፎር በታች ገባ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ውጤቱ 50። ሰማንያ ስድስት ሰው ከፍሎ ካዝናው ውስጥ 50 ብር! ነገሩ እንዲህ ነው፦ ገባ ብሎ የተጻፈ ሁሉ በየዙሩ ይደገማል፣ ስለዚህ ሰብሳቢው ከእያንዳንዱ ቤት ሲወጣ ኪሱን እያራገፈ ወደሚቀጥለው እንደሚሄድ ማለት ነው፣ መጨረሻ ላይ እጁ ላይ ያለው የመጨረሻው ቤት ብር ብቻ ነው። የመጨረሻውን ፕሪንት ደግሞ ገባ ብታደርጉት 50፣ 100፣ 150 እያለ 86 መስመር ያወጣል፤ ይኼ ስህተት አይደለም፣ እንዲያውም ሉፑ ምን እያደረገ እንደሆነ ግራ ሲገባችሁ ሆን ብላችሁ አድርጉት። እኔ አሁንም አደርገዋለሁ። ሲገባኝ ወደ ውጭ አወጣዋለሁ።

ቁጥሩንም ቅንፉ ውስጥ እየገባሁ መቀየሩ ሲሰለቸኝ ከላይ «አባላት = 86» ብዬ ሬንጅ(1, አባላት + 1) አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ እንዲህ ባደርገው ኖሮ ያቺ ሴት አትደነግጥም ነበር። ስንገናኝ አሁንም «ማሽንህ ደህና ነው?» ትለኛለች።

ባለፈው እሁድ አንድ አዲስ ጎረቤት ቅሬ ገባ፣ 87ኛ አባል። ጋሼ መዝገቡ ላይ ስሙን ጻፉ፣ ብዕራቸውን ከደኑ፣ ከዚያ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ «በል እንግዲህ፣ 88 አድርገው» አሉኝ።